የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴና የጥርስ እድፍ

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1632 በሆላንድ፣ በዴልፍት ከተማ፣ ከቅርጫት ሠሪ አባት ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ አምስተርዳም ውስጥ የጨርቅ ንግድ ተማረ፤ በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶም ሱቅ ከፈተ። ላቲን ስላልተማረ የሚጽፈው በአገሩ ቋንቋ ብቻ ነበር።

ይህ ነጋዴ ሌንስ በገዛ እጁ እየሠራ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበራቸውን አጉሊ መነጽሮች አበጀ። ከ1673 ጀምሮ ያየውን ሁሉ ለለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ይገልጽ ነበር። በ1676 በውኃ ውስጥ ስላያቸው ረቂቅ ፍጥረታት ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩት፤ ሆኖም ሮበርት ሁክ በማግሥቱ ዓመት ነገሩን በማኅበሩ ፊት አረጋገጠለት። በ1680ም አባልነት ተሰጠው።

የጥርስ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚመለከተው የ1683 ደብዳቤው ነው። ሌቨንሁክ ጥርሱን በየቀኑ በጨው ቢያሽም በጥርሶቹ መካከል ነጭ እድፍ ይቀርበት ነበር። ይህንኑ በውኃ በጥብጦ ሲመረምር እጅግ ብዙ ተንቀሳቃሽ ሕያዋን አየ። ቀጥሎም ሊገድላቸው ሞከረ። በሆምጣጤ አፉን ቢጉመጠመጥ በእድፉ ውስጥ ያሉት አልሞቱም፤ እድፉን አውጥቶ ከሆምጣጤ ጋር ሲደባልቀው ግን ሞቱ። ከዚህም ሆምጣጤው የሚደርሰው ከውጭ ላሉት ብቻ መሆኑን ተረዳ። ቆየት ብሎ ትኩስ ቡና ከጠጣ በኋላ በፊት ጥርሶቹ ላይ ያሉት ሞተው፣ በኋላ ጥርሶቹ ላይ ያሉት ግን በሕይወት መኖራቸውን አስተዋለ።

ሌቨንሁክ የደረሰበት ችግር ዛሬ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ይታያል። በቲታኒየሙ ጥርብና ሻካራ ገጽ ላይ ተሕዋስያን ተጣብቀው እርስ በርስ የሚከላከሉበትን ሽፋን ያበጃሉ፤ ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱም እየተበላ ይሄዳል። ለዚህ ሕክምና ከቀረቡት መሣሪያዎች አንዱ የሌዘር ጨረር ነው። በተለይ የኤርቢየም ሌዘር ኃይሉ በውኃ ስለሚዋጥ በእድፉ ውስጥ ያለውን እርጥበት በቅጽበት አፍልቶ እድፉን ይፈነቅላል። ይሁን እንጂ ጨረሩ ከጥርቡ ሥርና ከጀርባው በቀላሉ አይደርስም፤ ኃይሉ ያለ ልክ ቢጨመር ደግሞ ብረቱን ያሞቃል፣ አጥንቱንም ይጎዳል። በመሆኑም በሌዘር የታገዘ ሕክምና በእጅ መሣሪያ ከሚደረገው ማጽዳት ለዘለቄታው እንደሚበልጥ ጥናቶች በወጥነት አላሳዩም። እድፉን በእጅ መሣሪያ ማስወገድና በሽተኛው በየዕለቱ የሚያደርገው ጽዳት እንደ ቀድሞው የሕክምናው መሠረት ናቸው።

ሌቨንሁክ በ1723 በ90 ዓመቱ ዐረፈ። እስከ መጨረሻው ዕድሜው መመልከቱንና መጻፉን አላቋረጠም። የገዛ አፉን መመርመሪያ አድርጎ መድኃኒቱ ይገድል እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ይደርስ እንደ ሆነም ጠይቋል፤ አዲስ መሣሪያ የሚገዛ የጥርስ ሐኪም ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው።