መጥረቢያ የጨበጠው ንጉሥ

አባቴ አናጢ ነበር። ሠፈርተኛው ግን ስሙን ትቶ ባለእጁ ይለው ነበር፤ አጠራሩ ለሙገሳ እንዳልሆነ ልጅም ሆኜ ይገባኝ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ በታሪክ መጽሐፍ ካገኘኋቸው ነገሥታት ሁሉ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ከልቤ አልወጣ ያለው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ጴጥሮስ በ1672 ሞስኮ ተወለደ፤ በአሥር ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ነገሠ። በ1688 አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ጀልባ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ አገኘ። ሸራው ከተወጠረ ነፋስ ፊት ለፊት እየመጣበትም መጓዝ እንደሚችል ሲነግሩት ልቡ እዚያው ቀረ። አንድ የሆላንድ አናጢ ጠገነለት።

መቼም አገሩ ሰፊ ትሁን እንጂ የባሕር በር አልነበራትም ማለት ይቻላል። አርካንግልስክ የሚባለው ወደቧ የዓመቱን ግማሽ ያህል በረዶ ይዘጋዋል። በ1695 አዞቭ የተባለውን የቱርኮች ምሽግ ከበበ፤ ምሽጉ በባሕር በኩል ስንቅ ስለሚደርሰው አልቻለውም። አላኮረፈም። በዚያው የብርድ ወራት ቮሮኔዥ ላይ መርከብ ማሠራት ጀመረ፤ በዓመቱ አዞቭን ያዘ።

በ1697 ንጉሥነቱን ደብቆ፣ ጴጥሮስ ሚካይሎቭ ተብሎ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄደ። አምስተርዳም በሚገኘው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ መሥሪያ ለአራት ወር ያህል እንደ ማንም ሠራተኛ እንጨት ጠረበ፤ የምስክር ወረቀትም ተቀበለ። ግን አልጠገበም። ሆላንዶቹ የሚሠሩት በልምድና በዓይን ልክ ነበር፤ እሱ ንድፉንና ስሌቱን ፈለገ። ስለዚህ በ1698 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ ዴፕትፎርድ ከተባለው የመንግሥት መርከብ መሥሪያ አጠገብ ሰፍሮ ያንኑ ተማረ። ያረፉበትን የሰው ቤት ከነጓደኞቹ እንዳልነበር አድርገው መውጣታቸውንም አልደብቅም።

በ1703 ሴንት ፒተርስበርግን ቆረቆረ፤ በዓመቱ ኔቫ ወንዝ ዳር አድሚራሊቲ የተባለውን የመንግሥት መርከብ መሥሪያ አቋቋመ። ብረት ቀጥቃጩም ገመድ ገማጁም እዚያው ነበሩ። በ1712 ንጉሡ ራሱ ንድፏን በማውጣት የተሳተፈባት፣ 54 መድፍ የያዘችው ፖልታቫ ውኃ ላይ ወረደች። በመርከብ ሠሪነቱም ደመወዝ ይቀበል ነበር። በ1721 የሰላም ውል የባልቲክ ዳርቻ ለሩሲያ ጸናላት።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያንን ከተማ ያነሡት ከየአገሩ በግዳጅ የተነዱ ገበሬዎች ናቸው፤ በረግረጉ፣ በብርዱና በበሽታው ሺዎች አለቁ። የገዛ ልጁ አሌክሲም ሞት ተፈርዶበት በ1718 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ለመማር ራሱን ዝቅ ያደረገው ሰው፣ ሲገዛ ግን ርኅራኄ አልነበረውም። ሁለቱንም አብሬ ካልነገርኳችሁ ዋሽቻችኋለሁ።

በ1725 በ52 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ መርከቦች ተመልካች አጥተው በሰበሱ። የዚያ መሥሪያ ወራሽ ግን ዛሬም በመንግሥት እጅ ሆኖ፣ ዕድሜውን ከ1704 እየቆጠረ መርከብ ይሠራል። የተረፈው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ሙያ ነው።

የአባቴ መጋዝ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለእጅ እንዳልባል ብዬ ሙያውን ሳልማርለት ሞተ። አሁን ወንበር ሲሰበርብኝ ሰው ፍለጋ እወጣለሁ።