አቡነ ጴጥሮስ፦ ሹማምንት ሲንበረከኩ መንበሩን ያከበሩ አባት

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ የፋሺስት ወታደሮች አንድ ጳጳስ አደባባይ አውጥተው በጥይት ደበደቡ። እኒህ አባት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር ጽናታቸውና ሰማዕትነታቸው ይታወሳል። ታሪካቸው ግን አንድ ከባድ ጥያቄም ተሸክሟል። የሃይማኖት ተቋም መሪዎቹ ለበዳይ ሲያጎነበሱ፣ ያስተማረውን ራሱ ሲያፈርስ፣ ክብር ይገባዋልን?

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ ነው። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት አልፈው፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ በስለው፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሱ። ከዚያም መምህር ኃይለ ማርያም እየተባሉ ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርትን አፈሩ።

ያደጉባት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን የራሷ ሸክም ነበረባት። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ 1 ሺህ 600 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሊቀ ጳጳሷ ከግብፅ ይመጣ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ የኒቅያ ጉባኤ ሥርዓት ተብሎ በፍትሐ ነገሥት ሰፍሯል። ጉባኤው ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልደነገገም። ኋላ የተጨመረ ቃል የአባቶች ቃል መስሎ የሀገሬውን ሊቅ ለዘመናት ከመንበሩ አራቀው። በመቅደስ ስም የተፈጸመ በደል ነበር።

ከረጅም ክርክር በኋላ በ1921 ዓ.ም አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብፅ፣ በፓትርያርክ ዮሐንስ እጅ ለጵጵስና በቁ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። ሹመቱ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ተከልክለዋል፤ የበላያቸውም ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ በዚህ አላኮረፉም፤ የጎደለውን ሹመት ተቀብለው መንበራቸውን በወሎ አድርገው ሕዝቡን ማስተማር ቀጠሉ።

በ1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በወራሪው ሀገርም መስቀል የያዙ እጆች ወረራውን ባረኩ። የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት ወር በካቴድራላቸው ዘመቻውን አወደሱ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የፈተናው ተራ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዞረ። አቡነ ቄርሎስ ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር ተቻችሎ መኖርን መረጡ። ከታላላቅ መኳንንትና ካህናትም ብዙዎች ለጠላት ገቡ።

አቡነ ጴጥሮስ በዚያን ጊዜ በደብረ ሊባኖስ ነበሩ። በዙሪያቸው የነበሩትን የሰላሌ አርበኞች በምክርና በጸሎት ያበረቱ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች የጦር መሪዎች አዲስ አበባን ነጻ ለማውጣት ከተማዋን ሲያጠቁ፣ ጳጳሱም አብረው መጡ። ጥቃቱ አልተሳካም፤ እርሳቸውም በጠላት እጅ ወደቁ።

በወታደራዊው ችሎት የቀረበላቸው ክስ ሕዝቡን ለዐመፅ አነሣሥተዋል የሚል ነበር። እንደሚተረከው፣ ከክሱ ይልቅ ፈታኝ የነበረው የዳኞቹ ጥያቄ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው የጣሊያንን ሥልጣን ተቀብለው ሳለ እርስዎ ለምን አይቀበሉም አሏቸው። በሌላ አነጋገር፣ ተቋምዎ ገብቶልናል፤ እርስዎ ማን ነዎት? ማለታቸው ነበር። አቡነ ጴጥሮስም ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ ስለ ኢትዮጵያ የሚገዳቸው ነገር እንደሌለ፣ እርሳቸው ግን ለሕዝባቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ተጠያቂ እንደሆኑ መለሱ። የበላያቸውን ስሕተት የራሳቸው ሽፋን አላደረጉትም። ሞት ተፈረደባቸው፤ በአደባባይም ተገደሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ አውግዘው ማለፋቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከእርሳቸው ጋር የተሾሙት አባቶች መንገዳቸው ተለያየ። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም በጎሬ በጠላት ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን የወራሪውን ሥልጣን ተቀብለው አርበኞችን አወገዙ። በ1930 ዓ.ም ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ አቡነ አብርሃምን በሊቀ ጵጵስና ሾማቸው፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። የአንድ ቤት ልጆች፣ የአንድ አንብሮተ እድ ተካፋዮች፣ አንዱ ለጥይት ሌላው ለሹመት ሆኑ።

መታዘዝም ከሞት አላዳነም። አቡነ ቄርሎስ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ከግራዚያኒ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ በተወረወረው ቦምብ ቆሰሉ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በግንቦት ወር፣ አቡነ ጴጥሮስ የመነኮሱበት ደብረ ሊባኖስ በደም ታጠበ። ግራዚያኒ በግድያው 297 መነኮሳት መረሸናቸውን በኩራት ለሮም አስታወቀ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ የላቀ መሆኑን ያሳያሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንድ ሰው ቢጸና የጸናው ግለሰቡ ነው፤ ተቋሙ ምን ድርሻ አለው? የሚል ይኖራል። መልሱ ከሰላሌ እስከ ደብረ ሊባኖስ ባለው መንገድ ላይ ነው። አቡነ ጴጥሮስ እምቢ ያሉበትን ቃል የተማሩት ከዚያችው ሐሰተኛ ሥርዓት በመጽሐፏ ካሰፈረች ቤተ ክርስቲያን ነው። ምንጩ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ የጠጣው አይጸናም ነበር። ይሁን እንጂ የእርሳቸው ደም የአቡነ አብርሃምን ስሕተት አይሸፍንም፤ የሰማዕት ክብር የሹመኛ መደበቂያ አይሆንም። ለሃይማኖት ተቋም የሚገባው ክብር በራሱ ቃል እየመዘኑ፣ ሲጸና የሚያከብሩት፣ ሲያጠፋም በግልጽ የሚወቅሱት ክብር ነው። ጥፋቱን መናገር ቤቱን ማፍረስ አይደለም፤ አቡነ ጴጥሮስ ከሊቀ ጳጳሳቸው ሲለዩ ቤቱን አልለቀቁም።

ቤተ ክርስቲያኒቱም ከነፃነት በኋላ የቆየውን በደል አረመች። በ1943 ዓ.ም አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። የኒቅያ ነው የተባለው ክልከላም ከሥራ ውጭ ሆነ።

ዛሬ አዲስ አበባ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔቱ ያቺን ሰዓት ለመድረክ አብቅቷል። ሐውልቱ የቆመው ግን እሺ ላለው መንበር ሳይሆን እምቢ ላለው አገልጋይ ነው። በየትኛውም ቤተ እምነት ያሉ ሹማምንት ክብርን ሲሹ ይህን ሐውልት ማየት ይበቃቸዋል።