ዊልያም ፋርና የበሽታዎች ስም ዝርዝር

ዊልያም ፋር በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሽየር አውራጃ ከድሃ ቤተሰብ በ1807 ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ያሳደገውና ያስተማረው ጆሴፍ ፕራይስ የተባለ ባለርስት ነበር። ይህ ሰው በ1828 ሲሞት በተወለት ገንዘብ ወጣቱ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ሕክምና ተማረ። ለንደን ተመልሶ ሥራ ቢጀምርም በሐኪምነቱ ብዙ አልቀናውም፤ በ1837 ደግሞ ባለቤቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ ወዲያ በአዲሱ የልደትና የሞት መዝገብ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ዐርባ ዓመት ያህል ሟቾችን ሲቈጥር ኖረ።

ፋር በመዝገቡ ውስጥ ያገኘው ችግር በደምበጫ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይሆንም። ለአንዱ በሽታ ሦስትና አራት ስም ነበረው፤ አንዱም ስም ብዙ በሽታ ይሸፍን ነበር። በጎጃም ደጋ ዳማ ከሴ ጨምቆ ጠጥቶ ያልተሻለው ሰው ምች መታኝ እያለ ሲመጣ፣ ከንፈሩ ላይ የወጣው ቍስል የሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ያለበት ተራ ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ይሆናል። የወፍ በሽታ የሚለውም ስም የዐይንን ቢጫነት ይናገራል እንጂ ከአምስቱ የጉበት ቫይረሶች የትኛው እንደ ሆነ፣ ጨርሶም ቫይረስ መሆን አለመሆኑን አይገልጽም። መዝጋቢው የሰማውን እንዳለ ቢያሰፍር መዝገቡ ይሞላል፤ ወረርሽኙ ግን አይታይም።

ስለዚህ ፋር ለእያንዳንዱ በሽታ የተወሰነ ስምና ቦታ የሚሰጥ ዝርዝር አበጀ፤ ወረርሽኞችን ለብቻ፣ የአካል ክፍሎችን ሕመም እንደየቦታቸው ለየ። በ1853 ብራስልስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ እርሱንና የጄኔቫውን ማርክ ዴስፒን አንድ ወጥ ዝርዝር እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ሁለቱ አልተስማሙምና በ1855 ፓሪስ ላይ የየራሳቸውን አቀረቡ፤ ጉባኤውም አስታርቆ 139 ርእሶችን አጸደቀ። አደረጃጀቱ ውሎ አድሮ የፋር ሆኖ ጸና።

ቫይረስ የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ የፈንጣጣ ሟቾች ቍጥር ሲወጣና ሲወርድ ሥርዓት እንዳለው በ1840 በስሌት አሳየ። በ1866 የከብት ደስታ በሽታ እንግሊዝን ባስጨነቀ ጊዜም ወረርሽኙ በቅርቡ እንደሚበርድ በጋዜጣ ጻፈ። ብዙዎች አላመኑትም፤ በሽታው ግን በረደ። (ይኸው ደስታ ከሃያ ዓመት በኋላ በክፉ ቀን የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቷል።)

በኮሌራ ግን ተሳስቷል። በ1849ኙ ወረርሽኝ መንሥኤው ከዝቅተኛ ስፍራ የሚነሣ ክፉ አየር ነው ብሎ የመሬትን ከፍታ ከሟቾች ቍጥር ጋር አነጻጸረ፤ ስሌቱም የተስማማለት መሰለ። ጆን ስኖው ውኃው መሆኑን ሲያስረዳ የተጠቀመው ከራሱ ከፋር መዝገብ ባገኘው ዝርዝር ነበር። ፋር በ1866 የሟቾችን መኖሪያ ከውኃ ኩባንያዎቹ ጋር አስተያይቶ እውነቱን ተቀበለ፤ ስኖው ግን ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሹመት ለሌላ ሲሰጥ ፋር በ1880 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1883ም ዐረፈ። ዝርዝሩን ዣክ ቤርቲዮን በ1893 አሻሻለው፤ ከ1948 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘው። በአሥረኛው እትም የኩፍኝ መለያ ቢ05፣ የፈንጣጣ ቢ03 ነው። ኩፍኝ ዛሬም ይመዘገባል፤ የፈንጣጣ ተራ ግን በ1976 የመጨረሻው በሽተኛ ከታየ ወዲህ በኢትዮጵያ ባዶ ነው።