የድሃ ልጆች ሐኪም

ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር ኪያራቫሌ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በ1896 ዓ.ም. በሮማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዚያም ደካማ አእምሮ አላቸው የተባሉ ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግተው ባዩ ጊዜ፣ ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት እንደሚያሻቸው ተረዱ።

በ1907 ዓ.ም. ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ያጡ 50 ያህል ሕፃናት የሚውሉበትን «የሕፃናት ቤት» ከፈቱ። በልካቸው ወንበርና ጠረጴዛ ተሠራላቸው፤ መታጠብንና ቤት ማሰናዳትን፣ ውሎ አድሮም ማንበብና መጻፍን ለመዱ። የጐደላቸው እንክብካቤ እንጂ አእምሮ እንዳልነበረ ታየ።

ሳያገቡ በ1898 ዓ.ም. የወለዱት የገዛ ልጃቸው ማሪዮ ግን በሰው ቤት አደገ፤ በኋላ የሥራቸው ረዳት ሆነ። እሳቸውም በ1952 ዓ.ም. በሆላንድ አገር አረፉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሰነፍ የተባለ ሕፃን ሲያጋጥምህ አስቀድመህ ቤቱን ጠይቅ።