በቃል ያለ ይረሳል፤ የዴቭ አርነሰን ሕይወትና ውርስ

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን የአባቶች ብሂል እኛ መምህራን ለተማሪዎቻችን ስንናገረው ኖረናል። የብሂሉን እውነትነት የሚጠራጠር ባይኖርም፣ በቃልና በጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ሰው ድካምና ስም እስከ ምን ድረስ ሊወስን እንደሚችል ለመረዳት የዴቪድ አርነሰንን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። አርነሰን የጦር አዛዥ ወይም የሳይንስ ሊቅ አልነበረም፤ የጨዋታ ፈጣሪ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በጠረጴዛ ዙሪያም ሆነ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ከሚጫወቱት እጅግ ብዙ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ስሙን ሳያውቁ በሐሳቡ ይገለገላሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አርነሰን በ1947 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ተወለደ፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ አጠና። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የሚያዘወትረው የጦርነት ጨዋታ ነበር። ይህ ጨዋታ ትናንሽ የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ ያለፉትን ጦርነቶች በተወሰነ ሕግና በዳይስ ዕጣ እንደገና መዋጋት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሠራዊት አዛዥ ይሆናል፤ እንደ ገበጣና እንደ ሰንጠረዥ ሁሉ በመጨረሻ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል።

ከእነዚህ ጓደኞቹ አንዱ ዴቪድ ዌስሊ ይባላል። ዌስሊ፣ ቻርልስ ቶተን የተባለ የአሜሪካ መኮንን በ1880 ያሳተመውን የጦርነት ጨዋታ መመሪያ አንብቦ ነበርና፣ ተጫዋቹ ያሻውን ሊሞክር ይችላል፣ ውጤቱን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው የሚለውን ሐሳብ ከዚያ አገኘ። ስለዚህ በ1969 ገደማ ብራውንስታይን የምትባል አንዲት የፕሩስያ ከተማ በምናቡ ፈጥሮ፣ ለአንዱ ተጫዋች የከንቲባነትን፣ ለሌላው የባንክ ባለቤትነትን፣ ለሌላውም የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነትን ሚና አደለ። ተጫዋቾቹ ግን በየጥጉ እየተሰበሰቡ ይመካከሩ፣ ያሴሩ፣ ይጣሉ ስለ ጀመር ሥርዓቱ ፈረሰ። ዌስሊ ጨዋታው ከሸፈ ብሎ ሲያዝን፣ ተጫዋቾቹ በአንጻሩ እንዲደገምላቸው ለመኑት። ከእነዚህም አንዱ አርነሰን ነበር።

ዌስሊ ለውትድርና ተጠርቶ ከሄደ በኋላ አርነሰን የጓደኛውን ሐሳብ ወርሶ ወደ ሌላ መንገድ መራው። በ1971 ብላክሙር የሚል ስም የሰጠውን ምናባዊ አገር ፈጠረ። ተጫዋቾቹም ሠራዊት ማዘዛቸውን ትተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብቻ ሆነው ከግንቡ ሥር ወዳለው ጨለማ ዋሻ ይወርዱ ጀመር። አርነሰን በፊታቸው ያለውን በቃሉ ይስልላቸዋል፤ እነርሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩታል፤ እርሱም የሚከተለውን ይፈርዳል። ጨዋታው በአንድ ምሽት አይፈጸምም፤ ዛሬ በሕይወት የተረፈው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ካቆመበት ይነሣል፣ ልምድ ባካበተ ቁጥርም ብርታት ይጨምራል። ተጫዋቾቹ በአንድ ምት መሞት ስለ መረራቸው፣ ለባሕር ኃይል ውጊያ ካዘጋጀው ሕግ መርከብ ጉዳት የምትችልበትን ልክ ወስዶ ለሰው አደረገው። ዛሬ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚጫወት ልጅ በመስኮቱ ጥግ የሚያየው የሕይወት መለኪያ መነሻው ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን፣ በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ለመሸናነፍ አለመቀመጣቸው ነው። ተባብረው ይጓዛሉ፣ ተባብረው ይመክራሉ፤ የሚያገኙትም ድል አንድ ላይ የሠሩት ታሪክ ነው።

የአርነሰን ጉድለት በዚሁ ችሎታው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ሕጉ ያለው በጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እንደ ሁኔታው ይለውጠዋል፣ ይጨምርበታል፣ ይቀንስለታል፤ በወረቀት ያሰፈረው ግን ጥቂት ማስታወሻ ብቻ ነበር። እርሱ በሌለበት ጨዋታውን ለማካሄድ የሚፈልግ ሰው የሚጨብጠው ነገር አልነበረውም።

በ1969 በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኒቫ በተባለች ከተማ በተደረገ የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ አርነሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ተዋውቆ ነበር። በ1972 መገባደጃ ወደዚያው ሄዶ ብላክሙርን አጫወተው። ጋይጋክስ የነገሩን ታላቅነት ወዲያው ተረዳ፤ ማስታወሻዎቹን ተቀብሎ፣ ራሱ ቀደም ሲል ከሌላ ሰው ጋር ካሳተመው የጦርነት ጨዋታ ሕግ ጋር አዋሕዶ፣ ሌት ተቀን ጻፈ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ በጥር 1974 ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆነው ሲወጡ፣ የሁለቱም ስም በሽፋኑ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ጋይጋክስ ባይጽፈው ኖሮ ብላክሙር የጥቂት ጓደኛሞች ትዝታ ሆኖ በቀረ ነበር፤ አርነሰን ባይፈጥረው ኖሮ ደግሞ ጋይጋክስ የሚጽፈው ባልኖረው ነበር። ፍርዱ ከዚህ ወዲያ ወይም ወዲህ ቢያዘነብል ልክ አይሆንም።

ገበያው ሲደራ ግን ወዳጅነቱ ሻከረ። አርነሰን በ1976 በጋይጋክስ ኩባንያ ተቀጥሮ ዓመቱ ሳያልቅ ለቀቀ። ከ1977 ጀምሮ ኩባንያው ተሻሽሎ የተዘጋጀ ነው ያለውን አዲስ እትም በጋይጋክስ ስም ብቻ አወጣ፤ ይህ ሌላ ጨዋታ ስለ ሆነ ለአርነሰን የሚከፈል ድርሻ የለም አለ። አርነሰን በ1979 ክስ መሠረተ። ጉዳዩ በ1981 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ ሁለቱም የጨዋታው ተባባሪ ፈጣሪዎች ተብለው እንዲታወቁም ተወሰነ። ክርክሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ሥራ ባለቤት ያሰበው ነው ወይስ የጻፈው የሚል ጥያቄ ነበር። ስምምነቱ የሰጠው መልስ ሁለቱም የሚል ነው፤ የሕዝብ ትዝታ ግን ለጻፈው ማድላቱን አልተወም።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚነካን የሕይወቱ የመጨረሻ ክፍል ነው። አርነሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ልዩ ትምህርት ከሚሹ ልጆች ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። ወደ ሚኒሶታ ሲመለስም በየትምህርት ቤቱ እየዞረ፣ በሚና ጨዋታ ማስተማር እንደሚቻልና ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ለሒሳብ ትምህርት እንደሚረዳ ያስረዳ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፍሎሪዳ ፉል ሴይል በተባለው ተቋም የጨዋታ ንድፍ አስተማረ። ያስተማረውም ትምህርት የጨዋታን ሕግ አስተካክሎ መንደፍና ሌላ ሰው ሊከተለው በሚችል መንገድ ጥርት አድርጎ በጽሑፍ ማስፈር ነበር። የራሱን ሕግ በቃሉ ይዞ ብዙ ያጣ ሰው፣ ተማሪዎቹ እንዳያጡ ብዕር እንዲያነሡ አስተማራቸው።

ጋይጋክስ በመጋቢት 2008 ዐረፈ። አርነሰን በዚያው ዓመት ከማስተማር ተሰናብቶ፣ በካንሰር ታሞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2009 በ61 ዓመቱ በሴንት ፖል ከተማ ሞተ።

እንግዲህ ብሂሉ እውነት መሆኑን የአርነሰን ሕይወት ይመሰክራል፤ ግን ሙሉ እውነት አለመሆኑንም ይመሰክራል። ጨዋታው ከተጻፈም በኋላ ያለ ዳኛው ሕያው ቃል አይንቀሳቀስም፤ በየጠረጴዛው ራስ የሚቀመጠው ሰው ዛሬም የሚያደርገው አርነሰን ያደርግ የነበረውን ነው፤ ይስላል፣ ያዳምጣል፣ ይፈርዳል። በክፍል ውስጥ ቆመን የምናደርገውስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? መጽሐፉ በእጃችን አለ፤ ተማሪው ያልታሰበ ጥያቄ ሲጠይቅ ግን መልሱ የእኛ ነው። ያንን መልስ ያገኘን ዕለት ማታ፣ ብዙ መስሎ ባይታየንም፣ በማስታወሻ ማስፈር ለሚከተለን ባልደረባ ዕዳችን ነው።