ምራቂውን የሸጠው ነጋዴ

ገበያ ወጥቶ እህል የሸመተ ሰው ሁሉ ምራቂ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሻጯ በጣሳ ለክታ ከጨረሰች በኋላ በእፍኟ የምትጨምራት ናት። ገዢውን ደስ ታሰኛለች፣ ሻጯንም እምብዛም አትጎዳም። ዋናውን ዕቃ ትቶ ምራቂውን መሸጥ የጀመረ፣ ያውም ይህንን ሁለት ጊዜ ያደረገ ነጋዴ ግን እንደ ልብ አይገኝም። አሜሪካዊው ዊልያም ሪግሌይ ጁኒየር እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ሪግሌይ እ.ኤ.አ. በ1861 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ልጁ ከትምህርት ጋር አልተስማማም። ገና በ11 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ኒውዮርክ ውስጥ ጋዜጣ ሲሸጥ ቆየ። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በረባሽነቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። አባትየውም ፋብሪካው ውስጥ የሚፈላውን ሳሙና እንዲያማስል ፈረዱበት። ከዚያ የገላገለው አንደበቱ ነው። በ13 ዓመቱ በጋሪ እየዞረ የአባቱን ሳሙና ለባለ ሱቆች የሚያከፋፍል ሻጭ ሆነ።

በ1891 ቺካጎ ሲገባ 29 ዓመቱ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ የነበረውም 32 ዶላር ብቻ እንደነበር ይነገራል። የያዘው ሥራ ያው ሳሙና ነው። ሳሙና ደግሞ ለባለ ሱቁ ብዙም አያተርፍም። ስለዚህ ሳሙናውን ለሚወስዱ ደንበኞቹ ቤኪንግ ፓውደር በነፃ ይሰጥ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሰው የሚፈልገው ሳሙናውን ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደሩን ሆኖ ተገኘ። ሌላው ቢሆን ስጦታውን ያቋርጥ ነበር፤ ሪግሌይ ግን ሳሙናውን ትቶ ወደ ቤኪንግ ፓውደር ንግድ ገባ። በ1892 ደግሞ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ ቤኪንግ ፓውደር ጋር ሁለት ፓኮ ማስቲካ መረቀ። ዳግመኛ ምራቂው ዋናውን ዕቃ በለጠ። በ1893 ጁሲ ፍሩትና ስፒርሚንት የተባሉትን ማስቲካዎች ለገበያ አቀረበ።

በዚያን ጊዜ ማስቲካ የሚሸጡ ብዙዎች ነበሩ። የሪግሌይ ማስቲካ ከሌላው የሚለይበትን ጣዕም በወሬ ማስረዳት አይቻልም፣ መቅመስን ይጠይቃል። የነፃ ናሙና ሥራም ይኸው ነው። ሰው የማያውቀውን ዕቃ ለመግዛት የሚያመነታው ገንዘቤ በከንቱ ይቀራል ብሎ ስለሚሰጋ ነው፤ ናሙናው ያንን ስጋት ከገዢው ትከሻ አንስቶ በሻጩ ላይ ይጭነዋል። ዕቃው ርካሽና ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ሻጩ ሸክሙን ይችለዋል። ማስቲካ ታኝኮ ይተፋል፣ የወደደው ሰውም በማግስቱ ሌላ ይገዛል። ቁም ሳጥን የሚሸጥ ሰው በዚህ መንገድ ልሂድ ቢል ሳምንት ሳይሞላው ይከስር ነበር።

በ1907 አሜሪካን የገንዘብ ቀውስ መታት። ባንኮች ተጨነቁ፤ ኩባንያዎችም መጀመሪያ የቀነሱት የማስታወቂያ ወጪያቸውን ነበር። ሪግሌይ ግን ንብረቱን አስይዞ ተበደረ። በሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማም፣ በደህናው ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ የነበረ የማስታወቂያ ቦታ ገዛ። ከዚያ በፊት በኒውዮርክ ያካሄዳቸው ሁለት ትላልቅ ዘመቻዎች ገንዘብ በልተው ከሽፈው ነበርና፣ ይህኛውም ባይሳካ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ባልኖረ። ተሳካለት፤ ስፒርሚንትም ከአገሪቱ ተፈላጊ ማስቲካዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ።

በጣም የሚወራለት ሥራው የመጣው በ1915 ነው። የአሜሪካን የስልክ ማውጫዎች ሰብስቦ በውስጣቸው ስሙ ለተመዘገበ ሁሉ አራት አራት ፍሬ ማስቲካ በፖስታ ላከ፤ ይህም ወደ 1.5 ሚሊዮን አድራሻ ማለት ነው። ማውጫው በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። በዚያ ዘመን ስልክ ያለው ሰው ገንዘብም ያለው ነው፤ ስሙና አድራሻው ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ዛሬ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱበትን የደንበኛ መረጃ ሪግሌይ ከስልክ ማውጫ ላይ አነሳው። በ1919 እደላውን ሲደግመው አድራሻዎቹ ሰባት ሚሊዮን ያህል ደርሰው ነበር። ሁለተኛ ዓመታቸውን ለሚያከብሩ ሕፃናት ሳይቀር ማስቲካ ይልክ ነበር፤ ለዚህ ጸሐፊ ይህቺኛዋ ትንሽ በዝታለች።

ገንዘቡ የቺካጎ ካብስን የቤዝቦል ቡድንና በካሊፎርኒያ ጠረፍ የምትገኘውን የካታሊናን ደሴት ገዛለት። በቺካጎ ወንዝ ዳር ያሠራው ነጭ ሕንፃ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሪግሌይ ጥር 1932 በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ በ70 ዓመቱ አረፈ። ኩባንያውን ማርስ በ2008 በ23 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1974 በኦሃዮ ግዛት በሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ባርኮዱ በማሽን ተነብቦ የተሸጠው የመጀመሪያው ዕቃ የሪግሌይ ጁሲ ፍሩት ነበር። ዋጋውም 67 ሳንቲም።