ከቦይ እስከ ነበልባል፦ የያን ቫን ደር ሄይደን ሕይወትና የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎቹ

የለገዳዲ ውኃ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከዓይን በተሰወረ ቧንቧ ነው። የውኃ ምህንድስና ባመዛኙ የማይታይ ሥራ በመሆኑ፣ ታሪኩን የሚያጠና ሰው ሥራውን በሥዕል ያቆዩ ባለሙያዎችን መመርመር ይገባዋል። ከእነዚህ አንዱ ሆላንዳዊው ያን ቫን ደር ሄይደን ነው።

ቫን ደር ሄይደን በ1637 እ.ኤ.አ. በጎሪንኸም ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አምስተርዳም ተዛወረ፤ በ1652 የከተማይቱ አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ሲቃጠል የ15 ዓመት ወጣት ነበር። ጎልምሶም እያንዳንዱን ጡብ ለይተው በሚያሳዩ የከተማ ሥዕሎቹ ታወቀ። በ1669 ደግሞ ለአምስተርዳም የነደፈው የመንገድ መብራት ዕቅድ ተቀባይነት አገኘ።

አምስተርዳም የቦዮች ከተማ ናት። ስለዚህ ችግሯ የውኃ እጦት ሳይሆን ውኃውን ነበልባሉ ካለበት ማድረስ ነበር። የቀድሞው ፓምፕ በባልዲ ቅብብሎሽ እየተሞላ ከቆመበት ስፍራ የሚረጭ በመሆኑ፣ ውኃው ወደ ቤቱ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት ይቸገር ነበር። በ1672 ቫን ደር ሄይደን ከወንድሙ ከኒኮላስ ጋር ተጣጣፊ የቆዳ ቱቦ ገጠመለት። ቱቦው በደረጃና በመስኮት እየገባ ውኃን እሳቱ ከተነሣበት ክፍል አደረሰ። በቀጣዩ ዓመት ወንድማማቾቹ የከተማይቱ እሳት ማጥፊያ መሣሪያዎች ተቆጣጣሪዎች ሆኑ።

በ1690 ከልጁ ጋር ያሳተመው የእሳት ማጥፊያ መጽሐፍ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ትልልቅ ሥዕሎችን ይዟል። ሥዕሎቹ አሮጌውንና አዲሱን ዘዴ ያነጻጽራሉ፤ አንደኛው የሚቃጠለውን ቤት ለሁለት የተከፈለ ያህል ገልጦ ውስጡን ያሳያል። ጽሑፉም በአሮጌው ዘዴ ዘመን 11 ቃጠሎዎች ከአንድ ሚሊዮን ጊልደር በላይ ሲያወድሙ፣ በአዲሱ ዘመን የ40 ቃጠሎዎች ጉዳት ከ20,000 ጊልደር በታች እንደነበር ያሰላል።

ነገር ግን ንጽጽሩን ያቀረበው ሰው ራሱ የመሣሪያው ፈጣሪ፣ አምራችና ሻጭ ነበር። በመሆኑም ሥዕሎቹ ሰነድም ማስታወቂያም ናቸው። ይህ ዋጋቸውን አያሳጣቸውም። የቱቦውን አገጣጠምና የሠራተኞቹን አቋቋም በተመለከተ ታላቅ ማስረጃ ናቸው፤ አሮጌው ዘዴ ሁልጊዜ ሲሸነፍ፣ አዲሱ ሁልጊዜ ሲያሸንፍ መታየቱ ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ቫን ደር ሄይደን በ1712 በአምስተርዳም ባለጸጋ ሆኖ ዐረፈ። የእኛን የግድብና የቧንቧ ንድፎች የሚመረምር ተማሪም ከሕይወቱ አንድ ጥያቄ ይወርሳል፦ ንድፉ የተሠራው የሆነውን ለመመዝገብ ነው ወይስ የታሰበውን ለማሳመን?